የሰማይ ሞተር በሐይቅ ላይ

ለአየር የተሠራ ሞተር በውሃ ላይ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ፣ መልሱ ከአንድ የሆቴል ክፍል ይጀምራል። አሜሪካ በ1917 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እንጽፋቸዋለን) ወደ ዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ ለጦር አውሮፕላን የሚበቃ ብርቱ ሞተር አልነበራትምና፣ ጄሲ ቪንሰንትና ኤልበርት ሆል የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች በዋሽንግተን ከተማ ሆቴል ተቀምጠው ሊበርቲ የተሰኘውን ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር በጥቂት ቀናት ነደፉ፤ ይኸውም 27 ሊትር የሆነ፣ 400 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን፣ በድምሩ ከ20 ሺህ በላይ ቢሠራም ሰላም ቀድሞ ስለ መጣ ብዙው ሰማይን ሳያይ በመጋዘን ተከማችቶ ቀረ።

ይህን የተረፈ ሀብት አስተውለው ካነሡት ዋናው ሚስተር ጋርፊልድ ዉድ ናቸው። የገልባጭ መኪናን አልጋ የሚያነሣውን የዘይት ግፊት መሣሪያ ፈልስፈው ባለጸጋ የሆኑት እኒህ ሰው በ1920 ሁለት ሊበርቲ የተጫኑባትን ሚስ አሜሪካን ወደ እንግሊዝ አሻግረው፣ በዋይት ደሴት አጠገብ ሐርምስወርዝ የተባለውን የሞተር ጀልባ እሽቅድምድም ዋንጫ ወሰዱ፤ ከዚያም ወዲህ ጀልባ በጀልባ ላይ እያሠሩ ቈይተው፣ በ1932 ሚስ አሜሪካ ዐሥረኛዋን በሴንት ክሌር ወንዝ ላይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነዷት። ርዝመቷ 11 ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ይህች ጀልባ አራት የፓካርድ የአውሮፕላን ሞተሮች፣ ማለት 48 ሲሊንደርና 6,400 የፈረስ ጉልበት ትሸከም ነበርና፣ ጀልባ ከምትባል ይልቅ ሞተሮቹን ያቀፈ እንጨት ብትባል ይቀላል። በዚያ ሁሉ ነጐድጓድ መካከል ሁለት የድብ አሻንጉሊቶች ለገድ ታስረው አብረው ይሄዱ ነበር፤ መሐንዲስ ሁሉ በቁጥር ብቻ አይኖርምና በዚህ አልስቅባቸውም።

ጨዋታው ግን ሕይወትን ያስከፍል ነበር፤ እንግሊዛዊው ሰር ሄንሪ ሴግሬቭ በ1930 በዊንደርሚር ሐይቅ ላይ፣ በሮልስ ሮይስ የአውሮፕላን ሞተሮች በምትነዳው ሚስ ኢንግላንድ ሁለተኛዋ ውስጥ፣ የዓለምን የፍጥነት ወሰን ባለፉበት በዚያው ዕለት ጀልባዋ ተገልብጣ ዐረፉ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ተደገመ፤ አሁን የተረፈው አሊሰን የተባለው 28 ሊትር ሞተር ነበር። በአውሮፕላን ላይ ሳለ ረጅሙ ፕሮፔለር ከሞተሩ ይልቅ ቀስ ብሎ እንዲዞር ማርሽ ያዘገየዋል፤ በጀልባ ላይ ግን ሥርዓቱ ተገልብጦ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ትንሿ የብረት ፕሮፔለር ሦስት ጊዜ ያህል እንድትዞር ይደረጋል፤ ማቀዝቀዣውንም ሐይቁ ራሱ ይሰጣል፣ ውሃው ከታች ተቀድቶ በሞተሩ ዙሪያ አልፎ ተመልሶ ይፈስሳልና።

ይህን ዐይነት ጀልባ ከሁሉ ያስከበረችው የሲያትሏ ስሎ-ሞ-ሹን አራተኛ ናት። ስሟ «ቀስ ያለ እንቅስቃሴ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በቀልድ ያጣመመ ነውና፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለው ብሂል በርሷ ላይ አልሠራም። ቴድ ጆንስ ነደፏት፣ አንከር ጄንሰን ሠሯት፣ ባለቤቷ ስታንሊ ሴይርስም በጁን 26 ቀን 1950 በዋሽንግተን ሐይቅ ላይ በሰዓት 258 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተዋት፣ ሰር ማልኮልም ካምቤል በ1939 ያቆሙትን 228 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ወሰን አለፉ። ምስጢሩ ከውሃ መሸሽ ነበር፤ ጀልባይቱ ፍጥነት ስትይዝ ከፊቷ በግራና በቀኝ ባሉት ሁለት እግሮቿና ከኋላዋ ባለው ፕሮፔለር ላይ ብቻ ትቆማለች፣ ፕሮፔለሩም ግማሹ ከውሃው በላይ ሆኖ ስለሚዞር ውሃውን ነጭ ጅራት አድርጎ ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ በሆዷና በሐይቁ መካከል የተጨመቀው አየርም ቀሪውን ሰውነቷን ያነሣዋል። ሞተሩ ከአየር ቢወርድም አየሩን ይዞ ወርዷል ማለት ነው።

ዛሬ ተወዳዳሪዎች የሚነዱት ከሄሊኮፕተር በወሰዱት ተርባይን ነው፤ ድምፁም ፉጨት እንጂ ነጐድጓድ አይደለም። የቀድሞዎቹን ጀልባዎች በሲያትል አጠገብ በኬንት ከተማ ያለ ሙዚየም እያደሰ ወደ ውሃ ይመልሳቸዋል። የአሊሰንን ዕቃ ግን ጥንታዊ የጦር አውሮፕላን የሚጠግኑትም ይፈልጉታልና፣ አንድ ያልተሰነጠቀ የሞተር አካል በተገኘ ጊዜ ወደ ሰማይ ይመለስ ወይስ በሐይቁ ይቅር የሚለውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ዋጋውን የከፈለው ነው።