ኮምፖዚት የሶፍትቦል ዱላ፦ ከዋጋው በፊት ማኅተሙ ይታይ

በአሜሪካ የስፖርት ዕቃ ገበያ ውስጥ፣ ከሥራ መልስና በሳምንቱ መጨረሻ የሚጫወቱ ጎልማሶች ሳያመነቱ ገንዘባቸውን ከሚያወጡባቸው ዕቃዎች አንዱ ኮምፖዚት የተባለው የስሎው ፒች ሶፍትቦል መምቻ ዱላ ነው። ስም ያለው አዲስ ዱላ ከ300 ዶላር በላይ መጠየቁ የተለመደ ሆኗል። ይህን ያህል ገንዘብ ከፍሎ ወደ ሜዳ የሄደ ገዢ ግን በዳኛው ዱላው ተመልሶበት ከተጫዋች ጓደኛው ለመዋስ የሚገደድበት ጊዜ አለ። ዱላው የተሠራው ለሌላ ማኅበር ደንብ ሆኖ ሲገኝ ነው ይህ የሚደርሰው።

ለነጋዴ የዚህ ገበያ ጠባይ ትኩረት የሚስብ ነው። ዕቃው በአገልግሎት ብዛት ጉልበት እየጨመረ ይሄድና ጉልበቱ ጣራ ሊነካ ሲቃረብ ይሰበራል። ዋጋውም ከተሠራበት ነገር ይልቅ በላዩ ባለው ማኅተምና በቀሪ ዕድሜው ይወሰናል። በመሆኑም አመራረጡን በቅደም ተከተል ማየቱ ይጠቅማል።

ጨዋታውና የዱላው ልክ

ሶፍትቦል እ.ኤ.አ. በ1887 በቺካጎ ከተማ የተጀመረ የቤዝቦል ዘመድ ነው። ስሎው ፒች በተባለው ዓይነት ኳሱ ከታች ወደ ላይ በዝግታ ይወረወራል፤ በአየር ላይ ጎበጥ ብሎ ወደ መቺው ይወርዳል። ኳሱ ይዞት የሚመጣው ፍጥነት አነስተኛ በመሆኑ አርቆ ለመላክ የሚያስፈልገው ኃይል በአብዛኛው የሚገኘው ከመቺው ጉልበትና ከዱላው ነው። ተጫዋቹ ለዱላ ይህን ያህል የሚከፍለውም ከዚህ የተነሳ ነው።

በደንቡ መሠረት ዱላው ከ34 ኢንች (86 ሴንቲ ሜትር) ሊረዝም፣ ውፍረቱ ከ2.25 ኢንች (5.7 ሴንቲ ሜትር)፣ ክብደቱም ከ38 አውንስ (አንድ ኪሎ ከ77 ግራም ገደማ) ሊበልጥ አይችልም። አምራቾች በሙሉ በዚህ አጥር ውስጥ ሆነው ስለሚወዳደሩ ልዩነቱ ያለው በዱላው ግድግዳ አሠራር ላይ ነው።

ከእንጨት እስከ ካርቦን

ከ1970ዎቹ ጀምሮ አሉሚኒየም እንጨቱን ከገበያ እየገፋ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1993 የታይታኒየም ዱላ ቀረበ፤ ኳሱን ከልክ በላይ የሚያፈጥን ሆኖ በመገኘቱ ግን ብዙም ሳይቆይ ታገደ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ኮምፖዚቱ ገበያውን ያዘ።

ኮምፖዚት ማለት የካርቦን ክር በሙጫ ተነክሮ፣ በንብርብር ተጠቅልሎ፣ በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ ነው። ኳስ ከጠንካራ ነገር ጋር ሲጋጭ ይጨፈለቃል፤ በመጨፍለቁም ብዙ ጉልበት ይባክናል። የኮምፖዚቱ ግድግዳ ግን ራሱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እንደተወጠረ ሸራ ይመለሳል። የኳሱ መጨፍለቅ ሲቀንስ የሚባክነው ጉልበት ይቀንሳል፤ ኳሱም ፈጥኖ ይሄዳል።

ዱላው በተመታ ቁጥር በንብርብሮቹ መካከል ያለው ሙጫ በጥቂት በጥቂቱ ይላላል። ግድግዳው ለስለስ ሲል ጉልበቱ ይጨምራል፤ መላላቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ይሰነጠቃል። የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ኮምፖዚት የቤዝቦል ዱላዎችን ለጊዜው ያገደው፣ አዲስ ሳሉ ፈተናውን ያለፉ ዱላዎች ካገለገሉ በኋላ ከተፈቀደው ልክ በላይ ሆነው በመገኘታቸው ነበር።

ማኅተሙ

ገዢው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የሚጫወትበት ሊግ በማን ደንብ እንደሚመራ ነው። በገበያው ላይ በብዛት የሚታዩት ማኅተሞች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የዩ.ኤስ.ኤ. ሶፍትቦል ነው። ማኅበሩ እስከ 2017 ድረስ ኤ.ኤስ.ኤ. በሚለው ስሙ ይታወቅ ነበር። ከ2004 ጀምሮ በሚሠራበት መለኪያ፣ በላብራቶሪ ሲፈተን ከዱላው የሚነሳው ኳስ ፍጥነት በሰዓት ከ98 ማይል (158 ኪሎ ሜትር ገደማ) መብለጥ የለበትም። ፍተሻው የሚካሄደው በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ላብራቶሪ ነው።

ሁለተኛው የዩ.ኤስ.ኤስ.ኤስ.ኤ. ማኅተም ሲሆን፣ ዱላው ላይ በአውራ ጣት አሻራ ምስልና በ1.20 ቁጥር ሲታወቅ ቆይቷል። ሦስተኛው የአረጋውያን ሶፍትቦል ነው። በአብዛኛው ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ተጫዋቾች የሚዘጋጀው ይህ ዱላ ቁጥሩ 1.21 ነው፤ የእነርሱ ክንድ የቀነሰውን እንዲያካክስ ግድግዳው የበለጠ ይለጠጣል። አንድ የ30 ዓመት ጎረምሳ በዚህ ዱላ ቢመታ በፊቱ የሚቆመው ወርዋሪ አደጋ ላይ ይወድቃል። በመሆኑም ሌሎቹ ሁለት ማኅበራት በየውድድራቸው አይቀበሉትም።

እነዚህ ልኮች የወረቀት ሥርዓት ብቻ አይደሉም። ወርዋሪው ከመቺው የሚርቀው 50 ጫማ ወይም 15 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 98 ማይል የሚጓዝ ኳስ ይህን ርቀት ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ፊቱን በእጁ ለመከላከል ያለው ጊዜ ይህ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱበት ነገር አለ። አምራቾች አንዱን የዱላ ስም በተመሳሳይ መልክ፣ ለተለያዩ ማኅበራት በተለያየ ግድግዳ ሠርተው ያቀርባሉ። ስለዚህ «ጓደኛዬ የያዘውን» ብሎ በስሙና በቀለሙ ብቻ የሚገዛ ሰው ሌላ ዕቃ ይዞ ሊመለስ ይችላል። አንድ ጊዜ የጸደቀ ዱላም በኋላ ሊታገድ ይችላል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዝናው የገነነው የማይከን «አልትራ» በኤ.ኤስ.ኤ. ውድድሮች እንዳይገባ መደረጉ ለዚህ ምሳሌ ነው። ማኅበራቱ የተፈቀዱትንና የታገዱትን ዱላዎች ዝርዝር ስለሚያወጡ፣ ከመክፈል በፊት ዝርዝሩን መመልከት ዋጋ አያስከፍልም።

ኳሱም ቢሆን ከማኅተሙ ጋር ይሄዳል። በዩ.ኤስ.ኤ. ሊጎች የተለመደው የወንዶች ኳስ 52/300 የሚል ጽሑፍ አለበት፤ በዩ.ኤስ.ኤስ.ኤስ.ኤ. በኩል ደግሞ 40/325 የሚለው ይታወቃል። የፊተኛው ቁጥር የኳሱን ንጥረት፣ የኋለኛው ጥንካሬውን ያመለክታል። ዱላ ከተሠራለት ኳስ በጠነከረ ሌላ ኳስ ሲመታበት ዕድሜው ያጥራል።

ክብደትና ሚዛን

ማኅተሙ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ክብደት ነው። በስሎው ፒች ገበያ የሚቀርበው በአብዛኛው ከ25 እስከ 30 አውንስ ባለው ውስጥ ሲሆን፣ ብዙ ወንዶች የሚመርጡት ከ26 እስከ 28 ያለውን ነው። ከባድ ዱላ ኳሱን በኃይል ይገፋል፤ ይህ የሚሆነው ግን መቺው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ማዞር ሲችል ነው። ስለዚህ በጨዋታ መጨረሻ፣ ትከሻ ሲደክምም በእኩል ፍጥነት ሊዞር የሚችለው ነው ትክክለኛው ክብደት። የጓደኛን ዱላ ተውሶ ጥቂት ቀን መሞከር ከሻጭ ምክር ይበልጣል።

ክብደቱ የተከማቸበት ቦታም ይለያያል። ሚዛኑን የጠበቀው ዱላ ለማዞር ይቀላል፤ ኳሱን በተፈለገው አቅጣጫ ለመላክ ይመቻል። ጫፉ ላይ ግማሽ ወይም አንድ አውንስ የተጨመረበት ደግሞ ለጠንካራ መቺ ርቀት ይሰጣል። እንደዚሁ እጀታውና ወፍራሙ ክፍል አንድ ወጥ የሆነ ዱላ ጠጠር ይላል፤ ከሁለት የተጋጠመው ደግሞ ኳሱ ከመሐል ሲስት እጅን የሚነዝረውን ንዝረት ይቀንሳል።

ስሞቹ ብዙ፣ ቤቶቹ ጥቂት

መደርደሪያው ላይ ብዙ ስም ቢታይም ባለቤቶቹ ጥቂት ናቸው። ራውሊንግስ፣ ማይከንና ዎርዝ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ይህን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሰይድለር የተባለ የኢንቬስትመንት ድርጅት ከአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ ጋር ሆኖ በ395 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል፤ ኋላም ኢስተን ተጨምሮበታል። በሌላ ወገን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ዴማሪኒን፣ በ2015 ደግሞ ሉዊቪል ስላገር የሚለውን የንግድ ስም በ70 ሚሊዮን ዶላር ጠቅልሏል። ዊልሰን ራሱ የአሜር ስፖርትስ ንብረት ሲሆን፣ አሜርን በ2019 የቻይናው አንታ የመራው ቡድን ገዝቶ በ2024 በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ አስመዝግቦታል።

ይህ ለገዢው የሚለው ነገር አለ። በየዓመቱ አዲስ ቀለም ይዞ የሚመጣው ዱላ ብዙ ጊዜ ካለፈው ዓመት እጅግ የተለየ አይደለም። አዲሱ ሲገባ ቸርቻሪው አሮጌውን ቀለም ለማራገፍ ዋጋ ይቀንሳል። ማኅተሙ የሚሠራ እስከሆነ ድረስ ያለፈው ዓመት ዱላ የተሻለ ግዢ ነው።

ስሌቱ

አንድ ኮምፖዚት ዱላ ጉልበቱ እንዲወጣ ከ150 እስከ 200 ጊዜ ያህል መመታት እንዳለበት በገበያው ይነገራል። ለምሳሌ አንድ ተጫዋች በዓመት 20 ጨዋታ ቢጫወትና በየጨዋታው አራት ጊዜ ቢመታ፣ ዓመቱን ሙሉ 80 ጊዜ መታ ማለት ነው። ከልምምድ ውጭ ካሰብነው ዱላው ለሥራ የሚደርሰው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ወይም በሦስተኛው ነው። የአምራቹ ዋስትና ግን በአብዛኛው የአንድ ዓመት ነው። ስለዚህ ሰውየው የ350 ዶላሩን ዱላ ጉልበት የሚያገኘው ዋስትናው ካለቀ በኋላ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ተጫዋች አሉሚኒየም ወይም ዋጋው የቀነሰ ኮምፖዚት ያዋጣዋል።

በተቃራኒው ዱላውን ለቡድኑ በሙሉ የሚያውስ ሰው አለ። አሥር ሰው ሲመታበት በጥቂት ሳምንት ይከፈታል፤ በዚያው ፍጥነትም ያልቃል። ኪሳራው ግን የባለቤቱ ብቻ ነው። ቡድኑ በጋራ አዋጥቶ ቢገዛ ሒሳቡ የተስተካከለ ይሆናል።

ያገለገለና የተነካካ

ጉልበቱ የወጣለት ዱላ ስለሚፈለግ ያገለገለው ገበያ ደርቷል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። አንዳንዶች የጫፉን ክዳን ነቅለው ግድግዳውን ከውስጥ ይፍቁታል፤ ሌሎች በሁለት ተሽከርካሪ ብረቶች መካከል ጨምቀው በአንድ ሰዓት ያላሉታል። ሁለቱም በማኅበራቱ የተከለከሉ ናቸው፤ በአንዳንድ ውድድር ዱላው በመጭመቂያ መሣሪያ ስለሚፈተሽ ተጫዋቹን ከጨዋታ እስከ መታገድ ያደርሱታል። የተፋቀ ዱላ ማኅተሙ እንዳለ ቢሆንም የተፈቀደለትን ፍጥነት ስለሚያልፍ፣ ዋጋውን የሚከፍለው በወርዋሪነት የቆመው ሰው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ያገለገለ ዱላ ሲገዛ ክዳኑ ዙሪያውን ሙጫ ወይም ጭረት እንዳለበት ይታይ። በሚዛን ተመዝኖ ላዩ ላይ ከተጻፈው ክብደት ጋር ይነጻጸር። ሲነቀነቅ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ ይተው። የግዢ ደረሰኝ ከሌለው ዋስትና እንደሌለው ተቆጥሮ ዋጋው ይቀነስ።

አያያዙ

አዲሱ ዱላ መጀመሪያ በመጠነኛ ኃይል፣ በተመታ ቁጥር ሩብ ዙር እየዞረ ሊለማመድ ይገባዋል። ኮምፖዚት ብርድ አይወድም፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ ባይመታበት ይሻላል። በክፍያ የመለማመጃ ቦታዎች ማሽን የሚወረውራቸው ጠንካራ ኳሶችም ያደክሙታል፤ ብዙ አምራቾችም በዚህ ለደረሰ ጉዳት ዋስትና አይሰጡም።

እንግዲህ ገዢው ወደ ሱቅ ሲገባ በመጀመሪያ የሊጉን ማኅተም፣ ቀጥሎ በዓመት የሚመታውን ብዛት፣ ከዚያ የሚችለውን ክብደት፣ በመጨረሻም የዋስትናውን ቃል ይዞ ይግባ። እነዚህን አራቱን የሚያውቅ ሰው ከሻጩ ጋር መነጋገር የሚቀረው ስለ ዋጋው ብቻ ነው።