ምዕራፍ 7፦ የጉበት ካንሰር መነሻው ለምን የሕይወትን ዕድሜ ይወስናል?

የጉበት ካንሰር የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው በሁለት በሽታ ነው። አንደኛው ዕጢው ሲሆን ሁለተኛው ለዓመታት ሲጎዳ የኖረው ጉበት ነው። ሐኪሙም የዕጢውን መጠን ብቻ አይቶ አያቆምም፤ ጉበቱ ሥራውን ይሠራል ወይ? ታማሚው ራሱን ችሎ ይንቀሳቀሳል ወይ? ብሎ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከባርሴሎና የወጣውና ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት የደረጃ መለኪያ ሦስቱንም አንድ ላይ ያያል። ጉበቱን የጎዳው ነገር ሦስቱንም ይነካል።

ሁለት ቫይረሶች፣ ሁለት መንገዶች

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች የታዩ ከ2,500 በላይ የጉበት ካንሰር ሕሙማንን ተመልክቷል። በግብፅ አብዛኞቹን ለካንሰር የዳረጋቸው ሄፓታይተስ ሲ ነበር፤ መካከለኛ ዕድሜያቸውም 58 ዓመት። ካንሰሩ ከታወቀ በኋላ ግማሾቹ ወደ 11 ወር ወይም ከዚያ በላይ ኖረዋል። በቀሩት አገሮች ከግማሽ የሚበልጡት ሄፓታይተስ ቢ ነበረባቸው፤ መካከለኛ ዕድሜያቸው 46 ዓመት ሲሆን ግማሾቹ ሁለት ወር ተኩል ገደማ እንኳ ሳይቆዩ አርፈዋል።

ለዚህ ልዩነት ቫይረሱ ድርሻ አለው። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው በወሊድ ወይም በጨቅላነት ነው። ቫይረሱ የራሱን ዘረመል ቆርጦ በጉበት ሴል ዘረመል ውስጥ ይሰካል፤ ስለዚህ ጉበቱ ገና ሳይጠባሰስ ካንሰር ሊያስነሳ ይችላል። ሆድ አላበጠም፣ ዓይን ቢጫ አልሆነም፤ ሰውየው ጤነኛ ነኝ ብሎ ሥራው ላይ ነው። ሄፓታይተስ ሲ ግን በአብዛኛው መጀመሪያ ጉበቱን ያጠባብሰዋል፤ ይህም ክትትል ላለው ሰው አስቀድሞ የሚታይ ምልክት ነው።

ሆኖም ሁሉንም በቫይረሱ ማላከክ ስሕተት ነው። በግብፅ ከአራቱ ሦስቱ ለካንሰሩ ሕክምና ሲያገኙ በሌሎቹ አገሮች ያገኙት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ።

አልኮልና ስብ

በአልኮል ጉበቱ የተጎዳ ሰው ኀፍረትና መገለል ከምርመራ ስለሚያርቀው ካንሰሩ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይገኛል። ያን ጊዜ ጉበቱ ቀዶ ሕክምና የሚችልበት አቅም ላይኖረው ይችላል። ከውፍረትና ከስኳር በሽታ ጋር የሚመጣው የጉበት ስብም ጠባሳ ሳይፈጥር ካንሰር ሊያስከትል ይችላል፤ ስቡ የአልትራሳውንዱን ምስል ያደበዝዛል፣ አብሮት ያለው የልብ ሕመም ደግሞ ሕክምናውን ያከብደዋል።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው፦ ካንሰሩ በተመሳሳይ ደረጃ የተገኘባቸውና ጉበታቸው በተመሳሳይ አቅም ላይ ያለ ሰዎች ሲነጻጸሩ በመነሻው ምክንያት የሚታየው ልዩነት በእጅጉ ይጠባል። መነሻው በአብዛኛው የሚጎዳን ካንሰሩ መቼ እንደሚገኝ በመወሰን ነው።

ምን እናድርግ?

መነሻው ከታወቀ አብዛኛውን ጊዜ መላ አለው። ሄፓታይተስ ሲ በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ ክኒን ከመቶ ከ95 በላይ ሰዎች ላይ ይድናል። ሄፓታይተስ ቢ እምብዛም ጨርሶ ባይጠፋም እንደ ቴኖፎቪር ያሉ መድኃኒቶች ያዳክሙታል፣ የካንሰር ሥጋቱንም ይቀንሳሉ። መጠጥ ማቆም ጉበት እንዲያገግም ዕድል ይሰጣል፤ ካንሰር ለያዘውም ሰው ሕክምናውን የሚችል ጉበት ያተርፍለታል። ጉበቱ አንዴ የጠባሰሰ ሰው ግን ቫይረሱ ቢጠፋለትም በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ መነሳቱን ማቋረጥ የለበትም።

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት ከተወለዱ በልጅነትዎ ሳይከተቡ ያደጉ ሊሆኑ ስለሚችሉ አንድ ጊዜ የደም ምርመራ ያድርጉ። ቫይረሱ ከተገኘብዎ እናትዎ፣ ወንድምና እኅቶችዎ፣ የትዳር አጋርዎና ልጆችዎም ይመርመሩ፤ ነጻ የሆኑትም ይከተቡ። "ጉበትህ ታሟል" የተባለ ዘመድ ካለዎትም ከሐኪሙ ፊት ሳይነሱ "ያሳመመው ምንድን ነው? ክትትሉስ በየስንት ጊዜው ነው?" ብለው ይጠይቁለት።