ሳንባ ራሱ የሚያዘጋጀው መድኃኒት

መከሩ ሲገባ ወረታ በሩዝ መፈልፈያዎች ድምፅ ትሞላለች። ቅርፊቱ በየወፍጮ ቤቱ ደጅ ይከመራል፤ ብናኙ የሠራተኛውንም የመንገደኛውንም አፍንጫ አይምርም። በዙሪያዋ ባለው የፎገራ ሜዳ፣ በገበሬው ማድ ቤት ደግሞ ከእንጨትና ከኩበት የሚወጣ ጭስ አለ። ይህን ሁሉ የሚስበው ሳንባ ግን ባዶ እጁን አልተቀመጠም። ከአየር ጋር የሚገቡ ብዙ ተሐዋስያን በሽታ ሳያስነሡ የሚጠፉት ሳንባው የራሱ መከላከያ ስላለው ነው። ከመከላከያዎቹ አንዱ ፀረ ተሐዋስያን ፔፕታይድ ይባላል።

አሚኖ አሲዶች በሰንሰለት ተያይዘው ፕሮቲን ይሠራሉ፤ አጭሩ ሰንሰለት ፔፕታይድ ነው። በሳንባ ውስጥ ሁለት ወገኖች ጎልተው ይታወቃሉ፦ ዲፌንሲንና ካተሊሲዲን። ዲፌንሲን ብዙ ዓይነት አለው። ከካተሊሲዲን ግን የሰው ልጅ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ተሐዋስያንን የሚያጠቃው ክፍሉ 37 አሚኖ አሲዶች ስላሉት ኤልኤል-37 ይሉታል። የአየር ቧንቧን የሸፈኑት ሕዋሳትም ነጭ የደም ሕዋሳትም ያመነጩታል።

ፔፕታይዶቹ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አላቸው፤ የባክቴሪያ ሽፋን ደግሞ አሉታዊ ነው። ስለዚህ ይሳሳባሉ፤ ሽፋኑ ይበሳና ባክቴሪያው ይሞታል። የሰው ሕዋስ ውጫዊ ሽፋን በአብዛኛው ገለልተኛ በመሆኑ፣ ኮሌስትሮልም ስለሚያጸናው፣ መጠናቸው እስካልበዛ ድረስ እምብዛም አይጎዱትም። ከመግደላቸው ሌላ ተጨማሪ ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ቦታው ይጠራሉ።

የቲቢ ባክቴሪያ ግን ሊውጡት በመጡት ሕዋሳት ውስጥ ተሸሽጎ መኖርን ያውቅበታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ተመራማሪዎች እነዚህ ሕዋሳት ባክቴሪያውን ለመግደል ካተሊሲዲን የሚያመርቱት በቫይታሚን ዲ አማካይነት መሆኑን አሳዩ። ቆዳችን ከፀሐይ የሚሠራው ቫይታሚን ነው፤ ሆኖም ፀሐይ በማይጠፋባት አገራችን እንኳ ብዙ የቲቢ ሕሙማን እጥረት አለባቸው።

ይህን መነሻ ያደረገ ሙከራ በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና በጤና ጣቢያዎች ተካሄደ። ከ300 በላይ የሳንባ ቲቢ ሕሙማን የተሳተፉበት ሲሆን፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ከመደበኛው መድኃኒት ጋር ለከፊሎቹ ቫይታሚን ዲና የካተሊሲዲንን ምርት የሚያነሣሣ ፌኒልቡቲሬት የተባለ መድኃኒት ለ16 ሳምንታት ተሰጣቸው፤ ለቀሩት የማስመሰያ ክኒን። ተጨማሪውን የወሰዱት ሕመማቸው በስምንተኛው ሳምንት ይበልጥ ቀለል ብሎ ታየ። ባክቴሪያው ከአክታቸው ግን ከሌሎቹ ፈጥኖ አልጠፋም። እንግዲህ ይህ መንገድ ለሕመምተኛው ድጋፍ ሊሆን ይችል እንደሆነ እንጂ መደበኛውን የቲቢ መድኃኒት አይተካም።

ፔፕታይዱን ማብዛትም ሁልጊዜ በጎ አይደለም። ኤልኤል-37 ሲትረፈረፍ የሳንባን የራሱን ሕዋሳት ሊጎዳና ብግነትን ሊያባብስ ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ ሲያጨሱ ሳንባቸው በታመመ ሰዎች ዘንድም መጠኑ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ሌላው ጉዳይ ብናኝ ነው። በስኮትላንድ ኤድንብራ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የላቦራቶሪ ጥናት፣ እጅግ ደቃቅ የካርቦን ብናኞች ኤልኤል-37ን ቅርጹን ለውጠው ባክቴሪያ የመግደል አቅሙን እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ጥናቱ በማድ ቤት ጥላሸት ላይ የተሠራ ባይሆንም፣ ጭስ ሳንባን የሚጎዳው ሳል በማስነሣት ብቻ እንዳልሆነ ይጠቁማል። ለፎገራ ቤተሰብ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የሳንባን መድኃኒት በክኒን ለመጨመር ከመሯሯጥ ያለው እንዳይባክን ማድረግ ይቀድማል። ለማድ ቤቱ ጭስ መውጫ ማበጀት፣ በወፍጮ ቤት አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ይዞ ጤና ጣቢያ መሄድ፤ ቲቢ ከሆነም የታዘዘውን መድኃኒት ሳያቋርጡ መጨረስ።