ደቻቱ፦ ዋሻና ባቡር የሚገናኙበት ሸለቆ

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነው። ድሬዳዋን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ዳር የከዚራን፣ በሌላው የመጋላን ሰፈር ያኖራል። የሸለቆው ታሪክ ግን ከከተማዋ እጅግ ይቀድማል።

ከከተማዋ በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከወንዙ በላይ ባለ ተራራ ላይ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። ፈረንሳውያኑ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርዳን እ.ኤ.አ. በ1929 ለምርምር በር ከፈቱለት። ከቁፋሮው 4,213 የቀይና የቢጫ አፈር ድንጋይ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል፤ ክብደታቸው 40 ኪሎ ግራም ይደርሳል። የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ የነበሩ ሰዎች ድንጋዩን እየፈጩ ቀለም ያወጡ ነበር። በዋሻው ግድግዳ ላይም ከዚያ በኋላ የተሣሉ ሥዕሎች አሉ።

በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ደግሞ የጅቡቲ ባቡር ደረሰ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከተማዋ ከግርጌው ተቆረቆረች። ከዚራ በቀጥታ መንገዶች ተነደፈ፤ የባቡሩ ጋራዥም ባለሙያዎችን አፈራ። መጋላ የኦሮሞ፣ የሶማሌ፣ የሐረሪና የዓረብ ነጋዴዎች መገናኛ ሆነ። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት የሲራራ ነጋዴዎች ማረፊያ ጀልዴሳ ነበረች። ዛሬ ጀልዴሳ ከዋሂል፣ ከብዮ አዋሌና ከአሰሊሶ ጋር የድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር ናት። የከተማዋ ቅርስ ሲመዘገብ የእነዚህ መንደሮች እረኞችና አርሶ አደሮች ዕውቀት ሊዘነጋ አይገባም።

ሸለቆው ጨካኝ ጎንም አለው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከላይ ያሉት ተራሮች ዛፋቸውን ሲያጡ ዝናቡ መሬት ሳይሰርግ ቁልቁል ይጋልባል። ስለዚህ ቅርሱን መጠበቅ ተፋሰሱን ከመጠበቅ አይለይም፤ እርከንና ችግኝ ለሰፈሩም ለታሪኩም ዋስትና ናቸው።

ሸለቆን እንደ አንድ ቅርስ በመያዝ ረገድ አሜሪካኖች በሰሜን ኒው ሜክሲኮ የሪዮ ግራንዴን ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2006 በሕግ የቅርስ ቀጠና አድርገውታል፤ የነባሮቹ የፑዌብሎ ሕዝብና በኋላ የመጡት የስፔን ዝርያ ያላቸው ማኅበረሰቦች ባህል በአንድ ላይ ተይዟል። የእኛም አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጨበጠውንም የማይጨበጠውንም ቅርስ ያቅፋል። የሚቀረው የዋሻውን ሥዕል፣ የባቡር ጡረተኛውን ትዝታና የገጠሩን ዕውቀት እንደ አንድ ሸለቆ ሀብት ይዞ ለልጆች ማስተማር ነው።