ጆሮው የተቆረጠ ውሻ የበለጠ ይሰማል?

ወር በገባ በ16 ማለዳ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የወጣ ሰው ቢጫ ጀሪካን ያንጠለጠሉ ጠበልተኞችን ያያል፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ ውሾችን። አንዱ አጥር ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ ሌላው ከባሕር ዛፉ መሀል ብቅ ይላል። ከመካከላቸው ጆሮው የተጎመደ አይጠፋም። ባለቤቱን «ጅብ ነው?» ብትሉት ይስቅባችኋል። «እኛ ነን የቆረጥነው፤ እንዲሰማ ብለን!»

እኛ ሩቅ ያለ ድምፅ ሲያስቸግረን መዳፋችንን ጆሯችን ሥር እናቆማለን። ውሻ ይህን መዳፍ ይዞ ነው የተወለደው። ከደርዘን በላይ ጡንቻዎች አሉት፤ በእነሱ ጆሮውን ወደ ድምፁ ያዞራል፣ ያቆማል፣ ያስተኛል። መዳፉን ቆርጠን ጥለን «አሁን ጥሩ ይሰማል» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እኔ እስካሁን አልገባኝም።

«እሺ ይሁን፤ ግን ኃይለኛ ይሆናል» የሚሉም አሉ። ቡችላ ከሰው ጋር የሚላመደው በዋናነት ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ምላጩ የሚመጣውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ዕድሜ ነው። ያን ጊዜ የደረሰበት ድንጋጤ ዕድሜ ልኩን ሊከተለው ይችላል። የሰው እጅ ሲዘረጋ የሚደነግጥ ውሻ ይነክሳል፣ እውነት ነው። ግን ሌባ መርጦ አይደለም፤ ኳስ ሊያነሣ የገባውን የጎረቤት ልጅም ይነክሳል። ይህን ኃይለኛነት የሚሉት ሰዎች ፍርሃትን ከጀግንነት አምታተውታል።

ሦስተኛው ምክንያት «ጅብ ጆሮውን እንዳይዘው» የሚለው ነው። ይሄኛው ተረት ብቻ አይደለም፤ በአናቶሊያና በካውካሰስ ተራሮች ያሉ እረኞችም ተኩላን ፈርተው የውሾቻቸውን ጆሮ ሲቆርጡ ኖረዋል። የእንጦጦ ጅብ ግን አጥንት የሚያደቅቅ መንጋጋ አለው፤ አንገትና ሆድ እያለለት ጆሮ ፍለጋ አይደክምም። ውሻን ከጅብ የሚያድነው ማታ ግቢ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ሥራው መጮህ እንጂ ከጅብ ጋር መግጠም አይደለም።

ከጆሮ ሌላ ጭራም ይቆረጣል፤ ይህ ደግሞ ከሮም ዘመን የመጣ ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እርሻ የጻፈው ኮሉሜላ፣ ቡችላው በተወለደ በ40ኛው ቀን የጭራው ጫፍ ከተቆረጠ ውሻው አያብድም የሚለውን የእረኞች እምነት መዝግቧል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ጭራ ውስጥ አይኖርም፤ ቫይረሱ የሚተላለፈው በምራቅ፣ በንክሻ ነው። የሚገታውም ክትባት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ አለባቸው ይላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ከዚያ ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ክትባቱን ግን በእሱ አይተካ።

«ፈረንጅ አገርም ይቆርጡ የለም?» ይቆርጡ ነበር። ጆሮው ቀጥ ጭራው አጭር ሆኖ በፊልም የምናውቀው ዶበርማን የተገኘባት ጀርመን ራሷ ዛሬ ለመልክ ተብሎ ጆሮም ጭራም እንዳይቆረጥ ከልክላለች። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው የቤት እንስሳት ስምምነትም እንዲሁ ይከለክላል።

ዘር ማዳቀሉም ከምላጩ ብዙ አይርቅም። ለመልክ ሲባል አፍንጫቸው ወደ ውስጥ የገባ፣ ፊታቸው የተደፈጠጠ ትንንሽ ውሾች አሉ፤ ቆላ ላይ እንኳ እያንኮራፉ ነው የሚተነፍሱት። የእንግሊዝ ቡልዶግ በብሪታንያ ከ10 ወሊዶች ከ8 በላይ የሚወልደው በቀዶ ሕክምና ነው፤ የቡችላው ጭንቅላት ለእናቱ ዳሌ ሰፍቷልና። እንጦጦ ደግሞ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ በሆነበት ዳገት እንዲህ ያለውን ውሻ ማስሮጥ ምን ማለት እንደሆነ ጠበልተኛው ራሱ ከትንፋሹ ያውቀዋል።

ብዙ ቡችላ የሚቆረጠው ደግሞ «ጆሮው አልቆመም» ተብሎ ነው። የጀርመን ሼፐርድ ጆሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይቆማል፤ ጥርስ ሲቀይር ተመልሶ ሊወድቅም ይችላል። ከሀበሻ ውሻ የተዳቀለው እንደ ወደቀ ሊቀር ይችላል፤ ቢቀርም ይሰማል። ሻጩ ግን 6 ወር አይጠብቅም፤ ቡችላ የሚሸጠው በ2 ወሩ ነው።