የተቋጠረ ግንባር

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ አራት ሆነን ከስድስት ኪሎ በእግራችን ተነሣንና በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ጋራ ወጣን። ፈተና አልቆልን ንጹሕ አየር እንቀበል ብለን ነው እንጂ ለምርምር አልነበረም። ዳሩ ግን በመንገድ ላይ አንድ ክርክር ተነሣና ለዚች መጽሔት የሚሆን ነገር አስገኘልን፤ እነሆ ለጓደኞቻችን እናካፍላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ከሚልበት አቀበት ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሦስት ሴቶች አገኘን። ከፊት የነበሩት እናት ግንባራቸውን ቋጥረው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ከቅንድባቸው ሥር ትኩር ብለው አዩን። ከመካከላችን አንዱ ወዲያው፦ «እዩአቸው እንዴት እንደ ጠሉን! ሥራ ፈቶች ማለታቸው ነው» አለ። ይህን ያለው ልጅ መልሶ እሱም ፊቱን አጠቆረ። ሌላው ጓደኛችን ግን ከመንገድ ዘወር ብሎ፦ «እንደምን አደሩ እማማ? እግዜር ያበርታዎ!» ሲላቸው ያ የተቋጠረ ፊት ባንዴ ተፈታ፤ «ይስጥልኝ ልጄ፤ እናንተንም ያበርታችሁ» ብለው ፈገግ እንዳሉ አለፉ። ጥላቻ ያልነው ሸክም ኖሯል።

ሸክሙን እናስበው። በገመድ ታስሮ ጀርባ ላይ የሚውለው እንጨት ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ የሚወረደውም ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ነው። ሰው ከባድ ነገር ሲሸከም ወይም ሲገፋ በቅንድቦቹ መካከል ያለው ጡንቻ ሳይታዘዝ ይኮማተራል፤ ድካሙ በጨመረ መጠን መኮማተሩም ይጨምራል። ያው ጡንቻ በቁጣ ጊዜም የሚሠራው ነው። በዚያ ላይ ወገቡ የጎበጠ ሰው ፊት ለፊት የመጣውን ለማየት ዓይኑን ከቅንድቡ ሥር ማንሣት ግድ ስለሚሆንበት አስተያየቱ ግልምጫ ይመስላል።

ለወዳጃችን ግን መከራከሪያ አላጣንለትም። ከስድስት ኪሎ ወደ ምሥራቅ ስንሄድ የማለዳው ፀሐይ ዓይናችንን ሲወጋን ስለ ነበር እኛም ግንባራችንን እንደ ቋጠርን ነበር የደረስነው። በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች በባሕር ዳርቻ የሚሄዱ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ያለ መነጽር ፀሐይን ፊት ለፊት ይዘው የሚሄዱት፣ ፀሐይ ከኋላቸው ከሆነላቸውና ጥቁር መነጽር ካደረጉት ይልቅ የቁጣ ስሜት እንደሚሰማቸው ተናገሩ። ፀሐይ የቋጠረችው ግንባር ልብንም ይቋጥራል እንደ ማለት ነው።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በ1884፣ ዴንማርካዊው ካርል ላንገ ደግሞ በ1885፣ ሰው ስላዘነ ብቻ አያለቅስም፤ ኀዘኑ ራሱ ሰውነቱ ሲያለቅስ ከሚሰማው የሚመጣ ነው የሚል ትምህርት አወጡ። በ1988 በወጣ ጥናት ተማሪዎች እስክሪብቶ በጥርሳቸው እንዲይዙ ተደረገ፤ ፊታቸው ሳያውቁት የፈገግታ መልክ ስለ ያዘ የሥዕል ቀልዶቹ ይበልጥ አሳቋቸው ተባለ። በ2016 ግን 17 ቤተ ሙከራዎች ያንኑ ቢደግሙት ውጤቱ ጠፋ። በ2022 ከ19 አገሮች የተውጣጡ 3,878 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ሙከራ ደግሞ፣ የእስክሪብቶው ነገር አጠራጣሪ ቢሆንም ሆን ብሎ የፈገገ ሰው ደስታው በጥቂቱ እንደሚጨምር አሳየ። በጥቂቱ የሚለውን ቃል አደራ። እኛም በመኝታ ቤታችን ሞክረነው ነበር፤ ያተረፍነው በምራቅ የራሰ እስክሪብቶ ነው።

በዚህ ትምህርት ታሪክ የኢትዮጵያውያን ፊትም ስፍራ አለው። ቻርልስ ዳርዊን በ1872 ስለ ስሜት አገላለጽ ባሳተመው መጽሐፍ የአገራችንን ሰው ነገር ያገኘው ከካፒቴን ስፒዲ ነው፤ ይኸውም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን እዚህ የኖረውና ባሻ ፈለቀ የተባለው እንግሊዛዊ ነው። እሱ እንዳለው ሐበሻ «አዎን» ሲል ራሱን ወደ ኋላ መለስ አድርጎ ቅንድቡን ለቅጽበት ያነሣል፤ «አይደለም» ሲል ራሱን ወደ ቀኝ ትከሻው ይነቀንቃል። የቅንድቡ ነገር ዛሬም አለ። አንድ የውጭ አገር መምህር «ገባችሁ ወይ?» ብሎን ክፍሉ በሙሉ ቅንድቡን ቢያነሣለት፣ ግራ የገባን መስሎት ትምህርቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመልን። ከዚያ ወዲህ በአፍ መመለስ ለመድን።

ቋንቋችን ፊትን እንደ ገንዘብ ይቆጥረዋል፤ ፊት ይሰጣል፣ ፊት ይነሣል። እንግዳ የሚቀበል ሰው «ከፍትፍቱ ፊቱ» መባሉን ያውቃል። ከዚህ ጎን ግን «ጥርስ ባዳ ነው» የሚል ሌላ ትምህርት ስላለን ሳቂታውን እንጠረጥራለን፤ ኮስታራውን እናከብራለን። አንደኛ ዓመት ስንገባ ብዙዎቻችን የምንለብሰው ይህን ኮስታራ ፊት ነው፤ ሲፈሩ የሚለበስ ካፖርት ነው ብንል አናጋንንም። ሁሉም ለብሶት ሲመጣ ግን እያንዳንዱ የሌላውን ካፖርት ንቀት ነው ብሎ ያነበዋል። በ2019 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ፣ ሰው ሲቆጣ ግንባሩን የሚቋጥረው ከ3 ጊዜ አንዱን ያህል ብቻ መሆኑን፣ ሳይቆጣም ሲያስብ ወይም ሲጨነቅ እንደሚቋጥረው አስረድቷል።

ይህን ስናነብ አንድ ልጅ ትዝ አለን። አምና ከእኛ ጋር በአንድ መኝታ ቤት ነበር። ስንገባ ቀና ብሎ አያይም፤ ስንሥቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ኩሩ ነው አልንና እኛም ፊት ነሣነው፤ ቡና ስንጠጣ መጥራቱን ተውን። በኋላ የሰማነው ግን የትውልድ ቀበሌው ስልክ ተቋርጦ የእናቱን ድምፅ ለወራት እንዳልሰማ ነው። ያን ጊዜ ትምህርቱን አቋርጦ ሄዷል። ከአራታችን «እንደምን አደርህ?» ከሚለው ያለፈ ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ አልነበረም።

ቅዳሜ ከእንጦጦ ስንወርድ ቀበና ድልድይ አጠገብ ቆመን ደወልንለት። እኚያን እናት ጥላቻ ነው ያለባቸው ጓደኛችን ነው ስልኩን የያዘው። ስላለፈው ነገር አላነሣም፤ መጀመሪያ የጠየቀው እናቱን አግኝቶአቸው እንደ ሆነ ነው። አግኝቷቸዋል።