የሸመደዳችሁት የእንግሊዝኛ ቃል ለምን ይጠፋል?

9ኛ ክፍል ስትገቡ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። ስሌቱን አሳምራችሁ እያወቃችሁ፣ ጥያቄው ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ስላልገባችሁ ብቻ ነጥብ ልታጡ ትችላላችሁ። ስለዚህ ብዙ ተማሪ ደብተር ያወጣል፤ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ይጽፋል፣ ከዚያ ሽምደዳ! በሳምንቱ ግን ብዙዎቹ ቃላት የሉም።

ይህ የጭንቅላት ማነስ አይደለም፣ የአጠናን ጉዳይ ነው። ጄፍሪ ካርፒክ እና ሄንሪ ሮዲገር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙትን ጥናት እንመልከት። ለአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላት ከነእንግሊዝኛ ፍቺያቸው ሰጧቸው። አንዱ ቡድን አንድን ቃል አንዴ በትክክል ከመለሰ በኋላ ማንበቡን ትቶ መፈተኑን ብቻ ቀጠለ። ሌላው በተቃራኒው መፈተኑን ትቶ ማንበቡን ቀጠለ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ የመጀመሪያዎቹ 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። ሲያነቡ የከረሙትስ? 36 በመቶ ገደማ ብቻ።

የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው፤ አስቀድመው «ስንቱን የምታስታውሱ ይመስላችኋል?» ሲባሉ የሁለቱም ቡድኖች ግምት ተቀራራቢ ነበር፣ ግማሽ ያህሉን። ለምን መሰላችሁ? ደጋግመን ያየነው ነገር ዓይናችን ስለሚለምደው ያወቅነው ይመስለናል። መልመድና ከራስ አእምሮ ቆፍሮ ማውጣት ግን ለየቅል ናቸው። ትውስታን የሚያጠነክረው ቁፋሮው ነው። እንግዲህ የደብተራችሁን የቀኝ ዓምድ በእጃችሁ ሸፍኑና ራሳችሁን ጠይቁ፤ ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ።

ሁለተኛው ዘዴ አማርኛ ስለምትችሉ በደንብ ይገባችኋል። ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጻፊያ፣ አጻጻፍ፤ አምስቱን ለየብቻ ሸምድዳችኋል? በፍጹም! ሥራቸው አንድ ነው። እንግሊዝኛም ከላቲንና ከግሪክ የወሰዳቸው እንዲህ ዓይነት ቤተሰቦች አሉት፤ ልዩነቱ አማርኛ በዋናነት የቃሉን ውስጥ ሲለዋውጥ፣ እንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ ከፊትና ከኋላ መቀጠሉ ነው። «ስክሪፕት» እና «ስክራይብ» ከላቲን «መጻፍ» የመጡ ናቸው። «ማኑ» እጅ ስለሆነ «ማኑስክሪፕት» የእጅ ጽሑፍ ነው። «ፕሪ» ቀድሞ ማለት ነው፤ ሐኪሙ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የሚጽፈው ወረቀትም «ፕሪስክሪፕሽን» ነው። አክሱም ያለው የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ «ኢንስክሪፕሽን» ይባላል። ዩቲዩብ ላይ በየቪዲዮው የምትለመኑት «ሰብስክራይብ» ሳይቀር መነሻው «ከሥር መጻፍ»፣ ማለትም ከውል ግርጌ መፈረም ነው።

የአማርኛ የሳይንስ መጻሕፍትም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። «ፎቶ» ብርሃን፣ «ሲንተሲስ» ማጣመር፤ «ብርሃን አስተፃምሮ» የሚለው ስም እንግሊዝኛውን ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ የተከተለ ነው።

ታዲያ ቁርጥራጭ አንዳንዴ ያሳስታል። «አን» ብዙ ጊዜ አፍራሽ ቢሆንም አጎት የሚባለው «አንክል» ውስጥ ምንም የሚያፈርሰው ነገር የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ገምቱ፣ ከዚያ መዝገበ ቃላት ግለጡ። ግምታችሁ ቢሳሳትም እንኳ ዝም ብሎ ፍቺውን ከማንበብ ይሻላል፤ ያገኛችሁትንም ቃል ከፊዚክስ ወይም ከባዮሎጂ መጽሐፋችሁ ላይ ካነበባችሁበት ዓረፍተ ነገር ጋር ጻፉት።